የብርሃን ሰይፉ ከፊልሙ ጋር ምን ያህል ይመሳሰላል? የፊልም ዕቃ ቅጂን ደረጃ በደረጃ መመዘን

የሳይንሳዊ ልብወለድ ፊልሞችን ዕቃ የሚሰበስብ ሰው ከሻጮች አፍ ደጋግሞ የሚሰማው ነገር አለ፤ «ቁርጥ ፊልሙ ላይ ያለውን ነው» ይሉታል። ይህ አባባል ብቻውን ለገዢ ምንም አይፈይድም። የትኛው ፊልም ላይ ያለውን? በየትኛው ትዕይንት የታየውን? ከምን ጋር ተነጻጽሮ? ትክክለኛነት ማለት ተለይቶ ከታወቀ አንድ ነገር ጋር መመሳሰል ነው። ያ ነገር በስሙ ካልተጠራ መለካትም ሆነ መፍረድ አይቻልም።

ይህ ጽሑፍ አንድን ቅጂ ከመግዛትዎ ወይም ከማድነቅዎ በፊት እንዴት እንደሚመረምሩት በቅደም ተከተል ያሳያል። ለምሳሌነት የወሰድኩት እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው «ስታር ዋርስ» ፊልም ኦቢ-ዋን ኬኖቢ ለወጣቱ ሉክ ስካይዎከር የሚሰጠውን የብርሃን ሰይፍ እጀታ ነው። ከታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ይህን እጀታ የመረጥኩት ብዙ ቅጂ ከሚሠራላቸው የፊልም ዕቃዎች አንዱ ስለሆነ ነው። ከዚያም በላይ መነሻው የታወቀ፣ በእጅ ተይዞ ሊለካ የሚችል ዕቃ ነው። ዘዴውን በዚህ ላይ ከለመዱት ለሌላውም ዕቃ ይሠራል።

ደረጃ 1፦ የሚያነጻጽሩበትን ዋቢ ይለዩ

«የሉክ ሰይፍ» የሚባል አንድ ነጠላ ዕቃ የለም። ለ1977ቱ ፊልም በቅርብ ለሚታይባቸው ትዕይንቶች የተዘጋጀ እጀታ ነበር። ሰይፉ በርቶ ለሚታይባቸው ትዕይንቶች ደግሞ ብርሃን መላሽ ልባስ ያለው ዘንግ በሞተር የሚያሽከረክር ሌላ ዕቃ ተሠርቷል። ተመልካቹ ሁለቱን እንደ አንድ ቢያያቸውም እጀታዎቻቸው አንድ ዓይነት አይደሉም።

በ1980 «ዘ ኢምፓየር ስትራይክስ ባክ» ሲወጣ እጀታው ላይ ለውጥ ተደርጎ ነበር። በመጀመሪያው ፊልም መሐል ላይ ባለው ማሰሪያ የተቀመጠው የካልኩሌተር ሌንስ ወጥቶ በምትኩ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ቁራጭ ገብቷል። በ2005ቱ «ሪቬንጅ ኦፍ ዘ ሲዝ» በታሪኩ ያው ሰይፍ ነው ቢባልም የታየው እጀታ ለዚያ ፊልም በአዲስ መልክ የተሠራ ነው። በ2015ቱ «ዘ ፎርስ አዌክንስ» ደግሞ የፊልሙ ሰዎች ወደ ቀድሞው ቅርጽ ተመልሰዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀት አውጥተው አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ «ይህ ቅጂ የሚመዘነው በ1977ቱ ፊልም፣ በኦቢ-ዋን ቤት ውስጥ ሉክ ከሚይዘው እጀታ ጋር ነው።» ከዚህ በኋላ የሚያደርጉት ንጽጽር ሁሉ ለዚህ ዓረፍተ ነገር ይገዛል። ሻጩ የትኛውን ፊልም እንደቀዳ መናገር ካልቻለ፣ ቅጂው ከተለያዩ ፊልሞች የተቀላቀለ ሊሆን ስለሚችል ከወዲሁ ይጠንቀቁ።

ደረጃ 2፦ ዕቃው ከምን እንደተሠራ ይወቁ

ያ ፊልም ሲሠራ ገንዘቡ ውስን ነበር። የዕቃ ዝግጅቱን የመራው ሮጀር ክርስቲያን ብዙ ነገሮችን እንደ አዲስ ከማሠራት ይልቅ ያሉትን ቁሳቁሶች እያገጣጠመ ይጠቀም ነበር፤ ለፊልሙ በሠራው ሥራም ከባልደረቦቹ ጋር የኦስካር ሽልማት ተቀብሏል። የሉክን እጀታ ያገኘው ለንደን ውስጥ ከሚገኝ የፎቶግራፍ ዕቃ መደብር ነው። በአሜሪካ ሮቸስተር ከተማ የነበረው የግራፍሌክስ ኩባንያ ለጋዜጣ ፎቶ አንሺዎች ካሜራ የሠራው፣ ሦስት የባትሪ ድንጋይ የሚወስድ የፍላሽ እጀታ ነበር። ክርስቲያን በዚህ ቱቦ ላይ ጎናቸው የ«ቲ» ፊደል ቅርጽ ያለው ጥቁር የፕላስቲክ ዘንጎችን በማጣበቂያ ለጠፈ፣ ማሰሪያው ላይ የካልኩሌተር ሌንስ አስገባ፣ ከቀበቶ እንዲንጠለጠልም ጫፉ ላይ የ«ዲ» ፊደል ቅርጽ ያለው ቀለበት ጨመረ።

ይህን ማወቅ ለመዛኙ ትልቅ ጥቅም አለው። ፊልሙ ላይ የታየውን ዕቃ ራሱን አግኝተን በእጃችን ልንይዘው አንችልም። የግራፍሌክስ ፍላሽ እጀታ ግን ከፋብሪካ በብዛት የወጣ ዕቃ በመሆኑ ዛሬም ይገኛል፣ ይለካል፣ ይመዘናል። ቅጂ ሠሪው የለካው እውነተኛውን እጀታ ነው ወይስ የሌላ ሰው ቅጂ? መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው።

ሌሎቹም የዘመኑ ዕቃዎች በዚሁ መንገድ ይመረመራሉ። የሌላው የፊልሙ ገጸ ባሕርይ የሃን ሶሎ ሽጉጥ መሠረቱ ማውዘር ሲ96 የተባለው የጀርመን ሽጉጥ ነው። የነጭ ለባሾቹ ወታደሮች መሣሪያ ከእንግሊዙ ስተርሊንግ ንዑስ መትረየስ የተሠራ ነው። የኦቢ-ዋን እጀታ ደግሞ የሮልስ ሮይስ ጄት ሞተር ክፍል፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት የጠመንጃ ቦምብ፣ የብራውኒንግ መትረየስ ክፍልና የውኃ ቧንቧ መክፈቻ የተጋጠሙበት ነው። እነዚህን ክፍሎች አንድ በአንድ ለይቶ ለማወቅ ሰብሳቢዎች ብዙ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። አሁን ያለን እውቀት የእነሱ ትዕግሥት ውጤት ነው።

ደረጃ 3፦ ፎቶውን ራሱን ይመርምሩ

ፎቶ ማስረጃ ነው፤ ሆኖም ፎቶም ያሳስታል። ዋናው ምክንያት ርቀት ነው። 26 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው ዕቃ ጫፉ ወደ ካሜራ ዞሮ በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ቢነሣ፣ የኋላው ጫፍ ከፊተኛው 20 በመቶ ያህል አንሶ ይታያል። ያንኑ ዕቃ ከአምስት ሜትር ቢያነሡት ልዩነቱ ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ተዋናዩ እጀታውን ወደ ካሜራው ዘርግቶ ከያዘበት ምስል ላይ መጠን አያውጡ። ለልኬት የሚሆነው ዕቃው ጎኑን ለካሜራ ሰጥቶ፣ ከራቅ ያለ ቦታ በረጅም ሌንስ የተነሣው ምስል ነው።

ሁለተኛው ችግር የተገለበጠ ምስል ነው። ለማስታወቂያ የወጡ ፎቶዎች አንዳንዴ ግራና ቀኛቸው ተገላብጦ ይታተማል። እጀታው ላይ ያለው ቀይ ቁልፍ በየትኛው ጎን እንደሆነ፣ የተዋናዩ ልብስ በየት በኩል እንደተደራረበ አስተያይተው ያረጋግጡ። እንዲህ ካላደረጉ ትክክለኛውን ቅጂ «ተገልብጦ ተሠርቷል» ብለው ሊጥሉት ይችላሉ።

ሦስተኛው ቀለም ነው። የሚያንጸባርቅ ብረት የራሱ ቀለም የለውም ማለት ይቻላል፤ የሚያሳየው አካባቢውን ነው። በቢጫ መብራት ሥር ወርቅማ፣ በሰማያዊ መብራት ሥር ደግሞ ሰማያዊነት ያለው ግራጫ ይመስላል። በአንድ ምስል ብቻ ተመርኩዘው ስለ ብረቱ ልባጥ አይፍረዱ። በተለያየ ብርሃን የተነሡ ቢያንስ ሦስት ምስሎች አንድ ነገር ሲመሰክሩ ያኔ ይመኑ።

ደረጃ 4፦ ቅርጹንና መጠኑን ይለኩ

ካሊፐርና የወረቀት ሜትር ያዘጋጁ። መጀመሪያ ርዝመቱንና የቱቦውን ውፍረት ይለኩ፤ ቀጥሎ ርዝመቱን ለውፍረቱ ያካፍሉ። ያገኙትን ቁጥር ከጥሩ የጎን ፎቶ ላይ በዚያው መንገድ ካገኙት ጋር ያነጻጽሩ። የዚህ ዘዴ ጥቅም የፎቶውን ትክክለኛ መጠን ማወቅ ሳያስፈልግ ቅርጹ መዛባቱን ማሳየቱ ነው።

ለግራፍሌክሱ ደግሞ ሱቅ ውስጥ የሚገኝ ፍርድ ሰጪ አለ። የመጀመሪያው እጀታ የተሠራው ሦስት ትልልቅ፣ «ዲ» የሚባሉ የባትሪ ድንጋዮችን እንዲይዝ ነው። የአንዱ ድንጋይ ውፍረት 34 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ 61 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ሦስቱ ተደርድረው 18 ሳንቲሜትር ተኩል ይሞላሉ። ባዶ ቱቦ ነው ተብሎ የሚሸጥ ቅጂ እነዚህን ድንጋዮች የማያስገባ ከሆነ፣ ወይ ቱቦው ቀጥኗል ወይ ግድግዳው ወፍሯል። ውስጡ መብራትና ድምፅ የተገጠመለት ቅጂ ላይ ይህ ሙከራ አይሠራም፤ እዚያ ላይ የውጩን ውፍረት መለካት ይበቃል።

ቅጂው በሻጋታ የተቀዳ ከሆነ መጠን መቀነሱን ይጠርጥሩ። ፈሶ የሚጠነክር ፕላስቲክ ሲደርቅ በጥቂቱ ይኮማተራል። አንድ ሰው ከሌላ ሰው ቅጂ ላይ ሻጋታ አውጥቶ ሲያባዛ ደግሞ ጉድለቱ ይደራረባል። በእያንዳንዱ ዙር 1 በመቶ ቢቀንስ፣ ከሦስት ዙር በኋላ የ26 ሳንቲሜትር ዕቃ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ያጥራል። የደበዘዙ ጠርዞች፣ የተደፈኑ ቀዳዳዎችና ትናንሽ አረፋዎች የዚህ ዓይነት ተደጋጋሚ ቅጂ ምልክቶች ናቸው። እንዲህ ያለው ሥራ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የደከመውን ሠሪ ሳያስፈቅዱ የሚባዛ ስለሆነ፣ ከትክክለኛነቱ ባሻገር የሥነ ምግባርም ጥያቄ አለበት።

ደረጃ 5፦ ቁሱንና ክብደቱን ይፈትሹ

የግራፍሌክሱ ቱቦ የሚያንጸባርቅ ልባጥ የተለበጠ ናስ ነው። ናስ በአንድ ኪዩቢክ ሳንቲሜትር 8 ግራም ተኩል ገደማ ይመዝናል፤ አሉሚኒየም 2.7 ግራም፣ ለቅጂ የሚፈሰው ፕላስቲክ ደግሞ ከ1 ግራም ትንሽ ከፍ ይላል። ዕቃውን በእጅዎ ሲይዙት ልዩነቱ ወዲያው ይሰማዎታል።

ማግኔት ይዘው ይሂዱ። ናስም አሉሚኒየምም በማግኔት አይሳቡም። ናስ ነው የተባለ ቱቦ ከማግኔቱ ጋር አጥብቆ ከተጣበቀ ብረት እንጂ ናስ አይደለም። ካልተጣበቀ ግን ናስ መሆኑ ገና አልተረጋገጠም፤ ያንን የሚለየው ክብደቱ ነው።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። በአሉሚኒየም የተሠራ ቅጂ ቅርጹ ልክ ከሆነ ከሩቅም ከቅርብም ፊልሙን ሊመስል ይችላል። መልክን እና ቁስን ለየብቻ ይመዝኑ፤ በአንዱ የጎደለውን በሌላው አይቅጡት።

ደረጃ 6፦ ከላይ ወደ ታች ክፍል በክፍል ይሂዱ

አሁን ፎቶውን ከጎንዎ ዘርግተው ከእጀታው አናት ይጀምሩ። አናቱ ላይ የፍላሹ ብርሃን መላሽ ሳህን ይያዝበት የነበረ ክፍል አለ። ቅጂ ሠሪዎች ይህን ለጌጥ የተቀመጠ መስሏቸው ብዙ ጊዜ ያወፍሩታል። እውነተኛው ሥራ የሚሠራ ዕቃ ስለነበር ቀጭን ቆርቆሮ ነው።

ቀጥሎ ቀዩን ቁልፍ ይመልከቱ። በፍላሽነቱ ዘመን ይህ ፍላሹን የሚያበራው ቁልፍ ነበር። ቀለሙ፣ ውፍረቱ፣ ከቱቦው ምን ያህል ወጣ እንደሚል ይታይ። በዚያው በላይኛው ክፍል ላይ ሰብሳቢዎች የመስታወት ዓይን የሚሉት ትንሽ ክብ ነገር አለ። እውነተኛው ብርሃን ሲያገኝ ጥልቀት ያሳያል፤ የተቀባ ነጥብ ግን ከየትም ቢያዩት ጠፍጣፋ ነው። ቅጂውን ቀስ ብለው ያዙሩትና ብርሃኑ ዓይኑ ውስጥ ሲንቀሳቀስ መታየቱን ያረጋግጡ።

መሐል ላይ ማሰሪያው አለ። እጀታው የላይና የታች ሁለት ቱቦ ሲሆን ማሰሪያው አንድ ላይ ይይዛቸዋል። ሲላላ የላይኛው ቱቦ በታችኛው ላይ ይዞራል። በዚህም የተነሣ ቁልፉና ዓይኑ ከማሰሪያው አንጻር ያላቸው አቀማመጥ በአንድ ጊዜ ሊዛባም ሊስተካከልም ይችላል። ቅጂው «ዓይኑ ቦታውን ስቷል» ብለው ከመፍረድዎ በፊት ማሰሪያውን አላልተው ያዙሩት። ማሰሪያው ከቱቦው ጋር አንድ ላይ የተቀረጸና የማይላላ ከሆነ፣ ያ ራሱ የሚመዘገብ ጉድለት ነው።

ማሰሪያው ላይ የተቀመጠው የካልኩሌተር ሌንስ በሙሉ ዕቃው ላይ ረጋ ብለው ሊያዩት የሚገባ ክፍል ነው። በ1970ዎቹ የነበሩት ካልኩሌተሮች ቁጥር የሚያሳዩት በጥቃቅን ቀይ መብራቶች ነበር። ቁጥሮቹ በጣም ትንንሽ ስለነበሩ በእያንዳንዱ ላይ አጉልቶ የሚያሳይ የፕላስቲክ ጉብታ ይደረግ ነበር። በሰይፉ ላይ የገባው ከቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኤግዛክትራ ካልኩሌተር የተነቀለ የጉብታዎች ረድፍ ነው። በጥሩ ቅጂ ላይ እነዚህ ጉብታዎች ጥርት ያሉና እኩል የተደረደሩ ናቸው፤ ከሥራቸው ያለውን ነገር አጉልተው ያሳያሉም። ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ከሥሩ ማስገባት ከተቻለ ፊደሉ ጎልቶ መታየት አለበት። ጉብታዎቹ ደመናማ ከሆኑ ወይም ለመልክ ብቻ የተቀረጹ ከሆኑ ሠሪው የዕቃውን ሥራ አላወቀም። ከሌንሱ ፋንታ የሰሌዳ ቁራጭ ካዩ ደግሞ ወደ ደረጃ 1 ይመለሱ፤ በእጅዎ ያለው የ1980ው ፊልም ቅጂ ነው።

ወደ ታች ሲወርዱ ጥቁሮቹን የመያዣ ዘንጎች ያገኛሉ። ጎናቸው በትክክል የ«ቲ» ቅርጽ መያዝ አለበት፤ ጠፍጣፋ የላስቲክ ቁራጭ የለጠፉ ቅጂዎች ብዙ ናቸው። ዘንጎቹን ከጫፋቸው በኩል ሲያዩ ቅርጹ ይለያል። በእጅ ተቆርጠው የተለጠፉ ስለሆኑ በመካከላቸው ትንሽ ልዩነት መኖሩ ስህተት አይደለም። ብዛታቸውንና ከታችኛው ጠርዝ ያላቸውን ርቀት ግን ከፎቶው ጋር ያመሳክሩ። በመጨረሻ ቀለበቱንና የቱቦውን መቀመጫ ይመልከቱ፤ ቀለበቱ የዕቃውን ክብደት ተሸክሞ ከቀበቶ መንጠልጠል ይኖርበታል።

ደረጃ 7፦ እርጅናውን ያንብቡ

ለፊልም የዋለ ዕቃ አዲስ አይመስልም። የግራፍሌክሱ እጀታ ፊልሙ ላይ ሲውል ቀድሞውንም ያገለገለ የፎቶ አንሺ መሣሪያ ነበር። ልባጡ በእጅ መፋተግ ሲለቅ ከሥሩ የናሱ ቢጫ ቀለም ይወጣል። ስለዚህ እርጅናን የሚያስመስል ሠሪ የት እንዳስረጀ ይዩ። እጅ የሚነካቸው ጠርዞች፣ የቁልፉ ዙሪያና የማሰሪያው ሥር መለስለሳቸው ተፈጥሮአዊ ነው። እጅ የማይደርስበት ጥግ ተፋፍቆ፣ ሁልጊዜ የሚነካው ደግሞ እንደ አዲስ ሲያበራ ካዩ፣ ሠሪው ቀለም እንጂ አገልግሎት አልተከተለም።

አንዳንድ ሰብሳቢ ግን እንከን የሌለበትን፣ ፋብሪካው ሊሠራው ያሰበውን ንጹሕ ቅርጽ ይመርጣል። ያም የተከበረ ምርጫ ነው። ስህተት የሚሆነው ንጹሑን ቅጂ «ፊልሙ ላይ እንደታየው» ብሎ መሸጥ ነው።

ደረጃ 8፦ ፍርድዎን በጽሑፍ ያስቀምጡ

ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ መስመር ይስጡና ማስረጃዎ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ከጎኑ ያስፍሩ፦ ከእውነተኛው ዕቃ ላይ የተለካ፣ በፎቶ በግልጽ የታየ፣ ወይም የተገመተ። በግምት ላይ የቆመ ትችት ለማንም አይጠቅም። ፎቶ ላይ የማይታየውን የኋላ ጎን «ተሳስቷል» ለማለት መብት የለንም፤ «አልተረጋገጠም» ማለት እንችላለን።

ከዚያ ጉድለቶቹን በክብደታቸው ይደርድሩ። የእኔ መመዘኛ ቀላል ነው፤ ሊታረም የማይችለው ይቅደም። የተዛባ ርዝመትና ውፍረት፣ ከቱቦው ጋር አብሮ የተቀረጸ ማሰሪያ የማይታረሙ ናቸው። የተሳሳተ ሌንስ፣ ጠፍጣፋ ዘንግ፣ የተዛባ አቀማመጥ በክፍል ለውጥ ይስተካከላሉ። ቀለምና እርጅና ደግሞ በጥቂት ሥራ ይታረማሉ። ቅርጹ ልክ የሆነ ርካሽ ቅጂ፣ ቅርጹ ተዛብቶ በጌጥ ከተሸፈነ ውድ ቅጂ ይሻላል።

ያገኙትን ለሠሪው ሲናገሩ በልክና በአክብሮት ይናገሩ። «አይመስልም» ከማለት «ቱቦው በሁለት ሚሊ ሜትር ወፍሯል» ማለት ሠሪውን ያሻሽለዋል። ብዙዎቹ ሠሪዎች ለፍቅር ብለው የሚደክሙ ሰዎች ናቸው፤ ትክክለኛ ቁጥር ሲያገኙ ያመሰግናሉ።

ከመክፈልዎ በፊት ሦስት ጥንቃቄዎች

አንደኛ፣ ትክክለኛነት እና የፊልሙ ዕቃ መሆን የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። እውነተኛ የፊልም ዕቃዎች በጨረታ ከፍተኛ ዋጋ ያወጣሉ፤ በ2022 ከመጀመሪያው ፊልም የቀረ አንድ የሃን ሶሎ ሽጉጥ አሜሪካ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል። እንዲህ ያለ ገንዘብ ባለበት ጥሩ ቅጂ ዋናው መስሎ ሊቀርብ ይችላል። ቅርጹ ፍጹም መሆኑ የፊልሙ ዕቃ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ለዚያ የባለቤትነት ሰነድና በፊልሙ ላይ ከሚታዩት ጭረቶች ጋር አንድ በአንድ የሚገጥሙ ጭረቶች ያስፈልጋሉ።

ሁለተኛ፣ እውነተኛ የግራፍሌክስ እጀታ ካገኙ በማጣበቂያና በመሰርሰሪያ አያበላሹት። ይህ የጋዜጣ ፎቶግራፍ ታሪክ ቅርስ ነው። ኩባንያው የሠራው ስፒድ ግራፊክ ካሜራ በ1945 በኢዎ ጂማ ደሴት የታወቀው የባንዲራ ተከላ ፎቶ የተነሣበት ነው። የእነዚህ እጀታዎች ቁጥር አይጨምርም፤ ዘንግ ለመለጠፍ በቂ የሆኑ አዳዲስ ቅጂ ቱቦዎች ግን ይሠራሉ። እውነተኛውን ለመለኪያ ይያዙት፣ ሥራውን በቅጂው ላይ ይሥሩ።

ሦስተኛ፣ ሽጉጥ የሚመስል ቅጂ ከውጭ ከማስመጣትዎ ወይም ይዘው ከመጓዝዎ በፊት የሚኖሩበትን አገር ሕግ ይጠይቁ። የጉምሩክና የአየር ማረፊያ ፈታሽ የሚያየው መልኩን ነው፤ ቅጂው ትክክለኛ በሆነ መጠን የመያዝ ዕድሉም ይጨምራል።

ለሻጩ የሚቀርቡት ጥያቄዎች እንግዲህ ሦስት ናቸው፦ የትኛውን ፊልምና ትዕይንት ቀዱ? ከእውነተኛው ዕቃ ላይ የለኩት የትኛውን ክፍል ነው? የገመቱትስ የትኛውን ነው? ሦስተኛውን ሳይሸሽግ የሚመልስ ሠሪ ስለ ዕቃው በእርግጥ የተመራመረ ሰው ነው፤ ገንዘብዎን ለእሱ ይስጡ።